በቀፎው ላይ የበቀለው ቅጠል

ሂክማ የልጄ ልጅ ናት። ባለፈው ጁምዓ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ነገር በፌስታል አቅፋ ገባች። ፌስታሉን ስትፈታው በነጭ የፕላስቲክ ዕቃ የተተከለ ቅጠል ነው።

"አባባ፣ ለእርስዎ ክፍል ብዬ ነው የገዛሁት። ፈርን ይባላል። የቤት ውስጥ አትክልት ነው" አለችኝ።

"ገዛሁት?" አልኳት።

"አዎ።"

"በገንዘብ?"

"ታዲያ በምን ይገዛል፣ አባባ?"

ሳቄ መጣ። ሐረና ጫካ ውስጥ ከብት እየረገጠው የሚያልፈውን ነገር ሰው በገንዘብ ገዝቶ፣ መኪና አሳፍሮ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ሮቤ ድረስ ያመጣዋል። ልነግራት ስል ግን ቅጠሉን ወደ ፊቴ አስጠጋችውና ሽታው ያዘኝ። እርጥብ እንጨት፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ አፈር። ከዚያ ኋላ ደግሞ ማር ማር የሚል ነገር ሸተተኝ። ማሩ እንኳ ከዕቃው አይደለም፣ ከእኔው ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሂክማ የከፋኝ መስሏት ወሰደችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

እኔ እዚህ ሮቤ፣ ልጄ ቤት የተቀመጥኩት በግድ ነው። ጎባ ቤቴ ደጃፍ ላይ ወድቄ ወገቤን ካመመኝ ወዲህ "ብቻህን አትኖርም" ብሎ አመጣኝ። በሚኒባስ ሁለት ወሬ ሳታወራ የምትደርስበት አገር ነው፣ ግን ቤቴ አይደለም። በልግ ሲገባ እመለሳለሁ ብዬዋለሁ። እሱም እሺ ይላል። እሺ የሚለኝ ስለማያምነኝ ነው።

ያ ሽታ ግን ወደ አዳዳ ሩቂያ ወሰደኝ። አዳዳ እኛ ዘንድ የአባት እህት ናት።

ጎባ ቁርአን ቤት የገባሁበት ዓመት ነው። መኸሩ ተሰብስቦ፣ ገብሱ ተወቅቶ አልቋል። የአዳዳ ባል ሐረና ጫካ፣ ሪራ የሚባል ቦታ፣ ማር የሚቆርጥ ሰው ነበር፣ በዚያው ዓመት ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። እሷ ደግሞ እግሯን ያማታል። አባቴ ይህን ሲሰማ ፈረስ ጭኖ የሳነቴን ተራራ ተሻግሮ ሄደ። እኛ አገር ባሏ የሞተባትን እህቱን ጫካ ውስጥ ብቻዋን የተወ ወንድም ገበያ መሃል ቀና ብሎ አይሄድም። እህትም ብትሆን የወንድሟን ቤት በአደባባይ እምቢ ካለች አዋረደችው ማለት ነው። ይሄን ያኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ማር ይመጣል የሚለውን ነው።

ማር አልመጣም። ፈረሱ ላይ ከቡሉኮዋ ጋር የተጫነው አንድ አሮጌ ቀፎ ነው፣ ከግንድ የተፈለፈለ። ንቦቹ ትተውት ከሄዱ ቆይቷል። አንደኛው ጫፉ በስብሷል፣ ጀርባው የዛፍ ሽበት ለብሷል። ከሽበቱ መሃል ያ ቅጠል ወጥቷል። እንደ ወፍ ላባ ግራና ቀኝ የተሰነጣጠቀ፣ ለስላሳ፣ ሰው ሲተነፍስበት የሚወዛወዝ። ሥሩ መሬት አልፈለገም፣ የድመት እግር የመሰለ ጸጉር ለብሶ ቀፎው ላይ ይሄዳል።

ጎረቤት "እንኳን ደህና መጣሽ" ሊል ደጃችን ላይ ተሰብስቧል። አዳዳ ከፈረስ ወረደች። ረጅም ሴት ናት፣ ፊቷ ጭስ የጠጣ። ሰላምታውን ጨረሰችና ሰው ሁሉ እየሰማ አባቴን እንዲህ አለችው፦

"ወንድሜ፣ ቤትህ ቤቴ ነው። እምቢ አልልህም። ግን ይሄ ቅጠል የሐረና ነው፣ እኔም የሐረና ነኝ። እሱ የጎባን ብርድ ከቻለ እኔም እችላለሁ። እሱ ከደረቀ ግን አትያዘኝ፣ ቤቴ ትመልሰኛለህ።"

አባቴ ሳቀ። "በቅጠል ነው የምትዳኚኝ?"

"ከቅጠል የተሻለ ዳኛ ካወቅህ አምጣ።"

ሰውም ሳቀ። አባቴ እሺ አለ። ሌላ ምን ይበል? ሰው ፊት ነው።

እኔ አዳዳን ለመውደድ ጊዜ አልፈጀብኝም። እናቴ ሥራ የሚበዛባት፣ አባቴ ገበያ የሚውል ሰው ነው። አዳዳ ግን እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና ታወራኛለች። ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ስለሚሰብር አውሬ፣ ቀን ቀን ስለሚጨልም ጫካ። አፏ ኦሮምኛና አማርኛ አንድ ላይ ነው የሚፈሰው። "ኢልማኮ" ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ያ ቅጠል ከደረቀ አዳዳ እንደምትሄድብኝ አንዴ ከሰማሁ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኝ ነበር። አንዲት ሴት ለልቅሶ መጥታ "ከሟቹ ምን ተረፈሽ?" ስትላት አዳዳ ቀፎውን በአገጯ አሳይታ "ያለው እዚያ ውስጥ ነው" አለች። እኔ ሰማሁ። ባሏ እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው ብዬ ወሰድኩት። ቀፎው ለሰው አይበቃም፣ ግን ሙት ምን ያህል እንደሚሆን እኔ ምን አውቄ! ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀፎው አጠገብ ሳልፍ ጎንበስ ብዬ "አሰላሙ አለይኩም" እላለሁ። መልስ ቢሰጠኝ በየት በኩል እንደምሮጥም አስቀድሜ አይቼ ነበር።

መጀመሪያ ቅጠሉን የጎዳነው በደግነት ነው። አባቴ ዳኛውን ለማስደሰት ብሎ በየጠዋቱ ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ያሞቀዋል። እናቴ ከወንዝ የተቀዳ፣ እጅ የሚያደነዝዝ ውሃ በጣሳ ታፈስበታለች። ገብስና ድንች ለምደናላ! ፀሐይና ውሃ ካገኘ ምን ጎደለው ብለን ነው። የቅጠሉ ጫፍ እንደተለበለበ ጸጉር መጠቅለል ጀመረ። አዳዳ ታያለች፣ ምንም አትልም። እንዲህ አድርጉ አትልም፣ እንዲህ አታድርጉ አትልም። ዝምታዋ ይገርመኝ ነበር።

ከዚያ እናቴ ቅንቅኑን አየች። ቤት ስትጠርግ ቅጠሉን ገልበጥ ብታደርገው ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣብ በመስመር በመስመር ተደርድሮ አገኘች። ልክ ሰው በመርፌ የጠቀጠቀው ነው የሚመስል። ጮኸች።

"ሩቂያ! ይሄ ቅጠልሽ ቅንቅን ወልዷል!"

"ቅንቅን አይደለም፣ ዘሩ ነው።"

"ዘር ጀርባ ላይ ይወጣል?"

"የዚህ ይወጣል።"

"አበባ አላየሁ፣ ፍሬ አላየሁ፣ ዘሩ ከየት መጣ? ነገ ልጄ ራስ ላይ ነው የማገኘው!"

አዳዳ አልተከራከረችም። እናቴ ቀፎውን እየጎተተች አወጣችና ከአጥር ጥግ አኖረችው። እኔ እየተከተልኩ አለቀስኩ። "ሙት ውጭ አያድርም!" አልኳት። እናቴ ምን እንደምል አልገባትም፣ በመጥረጊያው ቀጣችኝ።

ያን ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። የእኛን አገር ለሚያውቅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ሲነጋ ሣሩ ሁሉ ነጭ ነው፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ቅጠሉ ጠቁሮ ቀፎው ላይ ተኝቷል፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን። ስነካው እጄ ላይ ቀረ።

አባቴ ከገበያ ሲመለስ አዳዳ ቡሉኮዋን አጥፋ፣ በገመድ አስራ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሞተ።"

"ማን ሞተ?"

"ዳኛዬ ነዋ።"

አባቴ ደጅ ወጥቶ አይቶ ተመለሰ። ፊቱ ቀልቷል። "ሩቂያ፣ አላህን ፍሪ። ሰው ምን ይለኛል? እህቱን አንድ በጋ እንኳ ማቆየት አቃተው አይሉም?"

"ቅጠሉ ፈረደ በላቸው። ሁሉም ሰምተዋል።"

"በውርጭ ያቃጠለችው ሚስቴ ናት እንጂ መች ፈረደ!"

እናቴ ከጓዳ፣ "እኔ ያወጣሁት ቅንቅን ነው! እንግዳ አላወጣሁ!" አለች። ድምፅዋ ግን እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም።

እነሱ ሲጨቃጨቁ እኔ ቀፎው ዘንድ ሄጄ ተንበርክኬያለሁ። የማደርገው ሲጠፋኝ ያንን ጸጉራም ሥር በጥፍሬ ፈገፈግኩት። ከጸጉሩ ሥር አረንጓዴ ነው። ሌላውን ፈገፈግኩ፣ አረንጓዴ። ቤት እየሮጥኩ ገባሁና በትልልቅ ሰው ንግግር መሃል ጮኽኩ።

"አባ! ውስጡ አረንጓዴ ነው! አልሞተም!"

አዳዳ ዞራ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የደስታ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ግን በደስታ ጭኑን መታ። "ሰማሽ? ዳኛሽ ታመመ እንጂ ገና አልፈረደም!"

"እስኪፈርድ ስንት ዓመት ልቀመጥ?"

"እስከ በልግ። ዝናቡ እስኪገባ አንድ ቅጠል ካላወጣ፣ መንገዱ ሳይበላሽ እኔው በፈረስ አደርስሻለሁ።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ።"

አዳዳ ቡሉኮዋን አልፈታችውም። እንደታሰረ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። እኔ ማታ ማታ የምተኛው ፊት ለፊቱ ነው። ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፣ አለ ብዬ።

ከእኛ ቀጥሎ ሱቅ የነበራት እትዬ ሙኒራ የምትባል ሴት ናት፣ የስልጤ አገር ሰው። ጓሯቸው ውስጥ ከአገሯ ያመጣችው እንሰት አላት። ብርዱ አላሳደገው ብሎ ሁልጊዜ ትነጫነጭበታለች። አንድ ቀን በአጥሩ በላይ አየችኝ። እኔ ቀፎውን ፀሐይ ላይ አውጥቼ በጣሳ እያጠጣሁ ነው።

"አንተ ልጅ፣ ልታበስለው ነው?"

"እንዲድን ነው።"

"ሰው ብርድ ልብሱን ገፈህ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ደፍተህ፣ ፀሐይ ላይ ብታሰጣው ይድናል? ከየት ነው የመጣው?"

"ከሐረና።"

"እዚያ ምን አለ?"

አሰብኩ። አዳዳ ያወራችኝን አሰብኩ። "ቀን ቀን ጨለማ ነው። ዛፉ ያንጠባጥባል" አልኳት።

"ታዲያ ጨለማና ጠብታ ስጠው እንጂ!" አለችኝ። ከእንሰቱ ሁለት ሰፋፊ ቅጠል ቆርጣ በአጥሩ ላይ ወረወረችልኝ። "ይሄ ኮባ ነው። እርጥበት አያስወጣም። ጎጆ ሥራለት። ውሃውን ደግሞ አታፍስስ፣ እርጨው። ለብ ያለ ይሁን። ሥሩ መተንፈስ ይፈልጋል፣ አታስምጠው።"

ከዚያ በኋላ ቀፎው ጓዳ ውስጥ፣ ከእንስራው አጠገብ ገባ። እዚያ ጨለም ይላል፣ የእንስራው ወዝ አለ፣ የሻይ በራዱ እንፋሎትም አይርቀው። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። እንዲያውም እንስራውን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ። ኮባውን እንደ ድንኳን አቆምኩበት። ጠዋት ቁርአን ቤት ከመሄዴ በፊት በእጄ እረጫለሁ፣ ጎንበስ ብዬ "አሰላሙ አለይኩም" እላለሁ፣ እሄዳለሁ።

ታዲያ አንድ ነገር አየሁ። ቀትር ላይ ስመለስ መድረቅ ሲገባው ሽበቱ እርጥብ ነው። ኮባውን ስገልጠው ከውስጥ ትንንሽ ጠብታ አዝሏል፣ ከእኔ እጅ ያልወጣ፣ እንደ ጉም የደቀቀ። በነጋታውም እንዲያው። ማን እንደሚያደርገው አላጣሁትም። ለአዳዳ ልነግራት ሄድኩ።

"አዳዳ፣ ባልዎ ውሃ ያጠጡታል።"

"ማን?"

"ቀፎው ውስጥ ያሉት። እኔ ስሄድ ነው የሚያጠጡት።"

አዳዳ መጀመሪያ ፍጥጥ ብላ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው። ሳቋ ቆይቶ ሌላ ነገር ሆነ፣ ዓይኗን ጠረገች። "እሱ ውሃ አይወድም ነበር" አለችኝ። "ሲዘንብ ከቤት አይወጣም። ለሌላ ሰው እንዳትነግር፣ ኢልማኮ።"

አልተናገርኩም። የሙት ምስጢር ነው።

ነፋሱ አቅጣጫ ቀየረ፣ በሳነቴ በኩል ደመና መቆም ጀመረ። አባቴ የፈረሱን ኮርቻ አውርዶ ጠፍሩን ሲሰፋ አየሁ። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፣ መጥፎነቱ እሱ ነው። እኔ ምግብ አልበላ አለኝ። ሥሩን በየቀኑ ልፈገፍገው ያምረኛል፣ እትዬ ሙኒራ "ቆዳውን ልጠህ ትጨርሰዋለህ!" ብላ ከልክላኛለች።

አንድ ጠዋት የቁርአን መምህራችን አሞት ቶሎ ለቀቀን። ቤት ስገባ ሰው የለም። ከጓዳ ግን ድምፅ ይሰማል። ቀስ ብዬ ሄድኩ፣ በመጨረሻ ሰውየውን ላየው ነው ብዬ። አዳዳ ናት። የታመመ እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ኮባውን ገልጣ፣ ከጣሳ ውሃ በአፏ ይዛ፣ ልብስ ተኳሽ እንደሚያደርገው እፍ እያለች ትረጨዋለች። አገጯ ውሃ ያንጠባጥባል። ከዚያ ለቀፎው እንዲህ አለችው፦

"እኔን ወደ ሐረና ልትመልሰኝ ከፈለግህ ሌላ መንገድ ፈልግ። በውሃ ጥም ግን አልገድልህም። አልችልም።"

እንደገና ጎረሰችና እፍ አለች።

ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ እንዳታየኝ። ያኔ የገባኝ ግማሹ ነው። ባሏ እንዳልሆነ ገባኝ፣ ትንሽም አዘንኩ። አዳዳም እንደኔ ቅጠሉ እንዲድን ትፈልጋለች ብዬ ደስ አለኝ። ሌላውን ግማሽ፣ ቀፎውን ከጫካ ያን ሁሉ መንገድ ያስጫነችው ለምን እንደሆነ፣ ለምን ፀሐይ ላይ ስናወጣው ዝም እንዳለች፣ ውርጩ የመታው ዕለት ለምን ቡሉኮዋን አስራ እንደጠበቀች፣ ይሄን ለማወቅ ብዙ መኖር ነበረብኝ። ወንድሟን ሳታዋርድ ቤቷ የምትመለስበት መንገድ ያ ቅጠል ብቻ ነበር። መሞት ነበረበት። እሷ ደግሞ ልትገድለው አልቻለችም።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ መንጠባጠብ በጀመረበት ሰሞን ነው። ኮባውን ስገልጥ ከጸጉሩ መሃል አንድ ነገር ብቅ ብሏል። ተጠቅልሏል፣ ልክ አሁን እንደተወለደ ግልገል ጆሮ፣ ላዩ እርጥብና ጸጉራም። ልነካው ፈራሁ። ከጓዳ ወጥቼ ጮኽኩ። አባቴ ኮርቻውን ጥሎ መጣ። እናቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ መጣች። እትዬ ሙኒራ ሳትቀር በአጥሩ በኩል "አወጣ? አወጣ?" ትላለች።

አዳዳ ብቻ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

"አዳዳ፣ ይምጡ ይዩት! ቅጠል አወጣ!"

"አይቼዋለሁ" አለች። "ከትናንት ወዲያ ነው ያወጣው።"

ከትናንት ወዲያ ደረቅ ነበር፣ ዝናብ የለ፣ መንገዱ ሸጋ። በጥፍሯ ብትቆርጠው ማን ያያል? አባቴ ይሄ ገብቶታል መሰለኝ፣ አጠገቧ ሄዶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቷን ያዘ።

የተናገረችው እናቴ ናት። ሊጥ ባለው እጇ ቡሉኮውን ከግድግዳው አውርዳ ገመዱን በጥርሷ ፈታችው። አራግፋ ስታበቃ፣ "ቅንቅንሽ ተረፈልሽ" አለቻት።

"የኔ ቅንቅን ካንቺ ቤት ብርድ ይበረታል" አለች አዳዳ። እሷም ሳቀች፣ እናቴም ሳቀች። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሁለቱ እየተሰዳደቡ እንጂ ሳይዋደዱ አልዋሉም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ብዙ ነው፣ አልጽፈውም። የዚያን በጋ ብቻ ነው የፈለግኩት።

ሂክማ ቅጠሉን ያኖረችበት መስኮት ቀትር ላይ ፀሐይ የሚገባበት ነው። አይቼ ዝም አልኩ። ይሄ ቤት ቤቴ አይደለም፣ መስኮቱም አያገባኝም። በሁለተኛው ቀን ጫፉ መጠቅለል ጀመረ። እሱንም አየሁ። ዝም ብል ምን እንደሚሆን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ትናንት ደመናው ሲጫን ልጄ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሊፈትነኝ ነው መሰል፣ "አባባ፣ በልግ ገባ" አለኝ።

"አይቼዋለሁ" አልኩት። መልሰኝ አላልኩትም። እሱም ቆሞ ቆሞ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ሂክማ ገባች። መስኮቱ ባዶ ነው። ቅጠሉ ከአልጋዬ ራስጌ፣ ጨለም ከሚለው ጥግ፣ በርጩማ ላይ ቆሟል። አፈሩን በጣቷ ነካችው።

"አባባ፣ ማን አነሳው?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"እርጥብ ነው እኮ። እኔ አላጠጣሁትም። ማን አጠጣው?"

"እኔ ምን አውቄ አልኩሽ እኮ!"

ጎንበስ ብላ አየችኝ። "አባባ" አለችኝ፣ "ጺምዎ ውሃ ያንጠባጥባል።"